ባንክ ከቀብድ ይቅደም

በደሴና በኮምቦልቻ ቤት የሚገዛ ሰው የሚሄድበት መንገድ የታወቀ ነው፤ ከሐይቅ ወደ ጭፍራ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው የወረባቦ ወረዳ ከተማ በቢስቲማም ያው ነው። ደላላ ይገኛል፤ ቤት ይታያል፤ ቤቱ ልብ ከገባ ዋጋ ይቆረጣል፤ «ሌላ ሰው ሳይቀድም» ተብሎ ቀብድ ይከፈላል። ባንክ የሚታሰበው ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ የጎደለውን ለመሙላት ነው። የዚህ ዳሰሳ ክርክር ቅደም ተከተሉ ይገልበጥ የሚል ነው፤ ባንክ ከደላላ፣ ያ ቢቀር ከቀብድ፣ ይቅደም። በሌላ አገር ይህ አዲስ ነገር አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ቤት ፈላጊ በመጀመሪያ አበዳሪ ዘንድ ሄዶ ገቢውንና ዕዳውን ያስመዝናል፤ «እስከዚህ ድረስ ልናበድረው እንችላለን» የሚል ደብዳቤ ይዞ ነው ቤት ማየት የሚጀምረው። ሻጩም ደብዳቤ ከሌለው ገዢ ጋር ጊዜ ማጥፋት አይወድም። ደብዳቤውን ቅድመ ይሁንታ እንበለው። በእኛ አገር እንዲህ ያለ ወረቀት የመስጠት ልማድ ስላልዳበረ ብዙዎች ነገሩ እኛን አይመለከትም ይላሉ። እኔ ግን ወረቀቱ ባልዳበረበት አገር ጥያቄውን አስቀድሞ መጠየቅ ይበልጥ ይጠቅማል ባይ ነኝ።

ምክንያቱ ቀብድ ራሱ ነው። በሰፈር ቋንቋ ቀብድ «ቤቱን ያዝልኝ» ከማለት አያልፍም፤ በሕግ ግን ይከብዳል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1883 ቀብድ መስጠት ውል ለመደረጉ ማስረጃ እንደሆነ ይደነግጋል። አንቀጽ 1885 ደግሞ ሰጪው ውሉን ካፈረሰ ቀብዱን እንዲለቅ፣ ተቀባዩ ካፈረሰ አጠፌታውን እንዲመልስ ያዛል። «ባንኩ ስለከለከለኝ ነው» ለሚል ገዢ በዚህ አንቀጽ ውስጥ የተለየ በር አልተከፈተለትም። እርግጥ የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ ፍርድ ቤት ወይም ውል አዋዋይ ፊት መደረግ እንዳለበት አንቀጽ 1723 ስለሚያዝ፣ ደላላ ቤት የተፈራረሙበት ወረቀት ምን ያህል ያስገድዳል የሚለው ራሱን የቻለ ሙግት ነው። ሙግቱ እስኪያልቅ ግን ገንዘቡ ያለው ሻጩ ኪስ ውስጥ ነው። እዚሁ አንቀጽ 1885 ላይ ግን ብዙ ገዢ የማያስተውለው ነገር አለ፤ ድንጋጌው የሚሠራው ተዋዋዮቹ ሌላ ነገር ካልተስማሙ ብቻ ነው። ስለዚህ «ባንክ በ45 ቀን ውስጥ ይህን ያህል ብር ካልፈቀደ ቀብዱ ሳይቀነስ ይመለሳል» የሚል አንድ መስመር ማስገባት ይቻላል። ችግሩ፣ ይህን መስመር ለማስገባት ስንት ቀንና ስንት ብር እንደሚጻፍ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ያንን የሚያውቀው ደግሞ አስቀድሞ ባንክ የደረሰ ሰው ብቻ ነው።

ልማዳችን ለምን እንዲህ ሆነ? መልሱ የቤት ብድር ታሪካችን ውስጥ ነው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ ቤት የመግዛትና የመሸጥ ገበያው አብሮ ተዳፈነ። ከዚያ በኋላ ለቤት የሚያበድረው ተቋም አንድ ነበር፤ የቤትና ቁጠባ ባንክ። እሱም በ1980ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ኮንስትራክሽንና ቢዝነስ ባንክ ተባለ፤ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ጋር ተቀላቀለ። አንድ አበዳሪ ባለበት አገር ማወዳደር የሚባል ነገር የለም። በመካከሉ የመጣው የኮንዶሚኒየም መርሐ ግብር ደግሞ ነገሩን አጠነከረው። በ20/80 አሠራር ተመዝጋቢው 20 በመቶውን ይቆጥባል፤ ዕጣ ሲወጣለት 80 በመቶውን ከንግድ ባንክ በተቆረጠ ወለድና በተቆረጠ ዓመት ይበደራል። ባለዕድሉ ቤቱን የሚያገኘው በዕጣ፣ ብድሩ የሚከተለው ከዕጣው በኋላ ነው። ኮንዶሚኒየም በደሴና በኮምቦልቻም ተሠርቷል፤ ከቤቶቹ ጋር ልማዱም አብሮ ገብቷል ብል ማጋነን አይመስለኝም። ቤት ይቀድማል፣ ባንክ ይከተላል፣ ባንኩም አንድ ነው። ዛሬ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ብዙዎቹ የግል ባንኮች በየደረጃው የቤት ብድር አለን ይላሉ፤ በቤት ብድር ላይ ያተኮረው ጎህ ቤቶች ባንክ በ2014 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል፤ ወረባቦ በደንብ የሚያውቀው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም ፀደይ ባንክ ሆኗል፤ ዓባይና አማራ ባንክም አሉ፤ ከወለድ ነፃ የሚሠሩት ዘምዘምና ሂጅራም መጥተዋል። ገበያው ተለውጦ የገዢው አካሄድ ግን በድሮው ቀርቷል።

አንድ ሰው ገና ቤት ሳያይ ባንክ ሄዶ የሚያገኘው መልስ ምንድን ነው? ግማሽ መልስ ነው፤ ግን ከባዱ ግማሽ ነው። ባንክ በተበዳሪው በኩል የሚመዝነው ገቢን፣ ያለበትን ዕዳ፣ የብሔራዊ ባንክ የብድር መረጃ ቋት የያዘውን ታሪክ፣ ዕድሜንና የቁጠባ ደብተር እንቅስቃሴን ነው። ለዚህ ሁሉ ቤት አያስፈልግም። ቁጥሩን ቀረብ ብለን እንየው። ከመስከረም 2018 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የመንግሥት ሠራተኞች ደመወዝ ማሻሻያ የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ጀማሪ መነሻ 11,500 ብር ሆኗል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከደመወዝ የሚቆረጠው ከሲሶው እንዳይበልጥ ይላል፤ የመንግሥት ሠራተኛ በዚህ አዋጅ ባይተዳደርም ሲሶ ለስሌት ጥሩ መለኪያ ነው። ግብሩንና ጡረታውን ለጊዜው እንተወውና የ11,500 ሲሶ 3,833 ብር ነው። ወለዱ ለምሳሌ ያህል 18 በመቶ፣ ዘመኑ 20 ዓመት ቢሆን ይህ ክፍያ የሚሸከመው ብድር 248 ሺህ ብር ገደማ ነው። ባልና ሚስት ሁለቱም ደመወዝተኛ ቢሆኑ ወደ ግማሽ ሚሊዮን ይጠጋል። ኮምቦልቻ ላይ ቤት ሲያይ የከረመ መምህር ይህን ቁጥር መስማት ያለበት መቼ ነው? ቀብድ ከከፈለ በኋላ ከሰማው ክስረት ነው፤ አስቀድሞ ከሰማው ሐሳቡን ያስተካክልበታል። በአገራችን የቤት ብድርን አብጠርጥሮ የሚያውቀው የባንክ ሠራተኛ ነው የሚባለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ በቀነሰ ወለድ ለራሱ የሚበደር እሱ ነውና ስሌቱን ቤት ሳያይ ሠርቶ ይጨርሳል።

ሁለተኛው ግማሽ መልስ ያለው ቤቱ ላይ ነው፤ ብዙ ሰው የሚወድቀውም እዚህ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ እንደሆነ፣ እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ይደነግጋል። ገበያው ግን ቦታውን ጭምር ነው የሚገዛው፤ ደሴ ፒያሳ አጠገብ ያለ አሮጌ ቤት ሲሸጥ ገዢው የሚከፍለው ለግድግዳው እንዳልሆነ ሁሉም ያውቃል። የባንኩ መሐንዲስ ግን በዋናነት የሚገምተው ግንባታውን ነው። ስለዚህ በገበያ ዋጋና በባንክ ግምት መካከል ክፍተት ይፈጠራል። ለስሌት ያህል፣ በ4 ሚሊዮን ብር የተስማሙበትን ቤት ባንኩ 2.5 ሚሊዮን ቢገምተውና የግምቱን 70 በመቶ ቢያበድር፣ ብድሩ 1.75 ሚሊዮን ነው። ገዢው «30 በመቶ ካለኝ ይበቃል» ብሎ 1.2 ሚሊዮን አዘጋጅቶ ነበር፤ የሚያስፈልገው ግን 2.25 ሚሊዮን ሆኖ ያርፈዋል። ከወለድ መጠን ይልቅ ሰው የሚጥለው ይህ ክፍተት ነው። በቢስቲማ ዓይነት ትንሽ ከተማ ደግሞ ግምት ላይ ከመደረሱ በፊት የሰነዱ ጣጣ አለ። የእንጨትና የጭቃ ቤት በመያዣነት ብዙም አይወደድም። ከከተማው ዳር ያለው ቤት የቆመው በገበሬ ይዞታ ላይ ከሆነ እጅ ላይ ያለው የገጠር መሬት ደብተር እንጂ የከተማ ካርታ አይደለም። የአማራ ክልል በ2009 ያወጣው የገጠር መሬት አዋጅም ሆነ የ2016ቱ የፌዴራል አዋጅ የመጠቀም መብትን በመያዣነት ማቅረብ ቢፈቅዱም፣ ያ በዋናነት ለእርሻ ብድር እንጂ ለቤት መግዣ የታሰበ አይመስልም። ያገባ ሻጭ ከሆነ የሚስት ወይም የባል ፊርማ የግድ ነው። ከዕዳና ከእገዳ ነፃ መሆኑም ከማዘጋጃ ቤት መምጣት አለበት፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ የመያዣ ውል ዋጋ የሚኖረው በማይንቀሳቀስ ንብረት መዝገብ ሲመዘገብ ነውና። ባንክ አስቀድሞ የሄደ ሰው ይህን ሁሉ በዝርዝር ይዞ ይመለሳል፤ ደላላው «ካርታ አለው» ሲለው የትኛው ካርታ ብሎ ይጠይቃል።

አሁን ወደ ማወዳደሩ እንምጣ። ሰው አበዳሪ ሲያወዳድር «ወለዱ ስንት ነው?» ብሎ ይጀምርና እዚያው ያቆማል። ወለዱ ከባድ መሆኑ እርግጥ ነው። አንድ ሚሊዮን ብር በ20 ዓመት በ18 በመቶ ሲበደሩት ወርኃዊው 15,433 ብር ነው፤ በ15 በመቶ 13,168። ልዩነቱ እስከ መጨረሻው ሲደመር 540 ሺህ ብር ያልፋል። ዘመኑ ግን ከወለዱ ይበልጣል። ያው ሚሊዮን በ18 በመቶ በ10 ዓመት ቢከፈል ወርኃዊው 18,019 ብር ይሆናል። በየወሩ 2,586 ብር የጨመረ ሰው ከ1.5 ሚሊዮን ብር በላይ ወለድ ይቀርለታል። ብድሩን በዕጥፍ ዘመን ማርዘም የመበደር አቅምን የሚጨምረው ጥቂት ነው፤ የላይኛው መምህር በ10 ዓመት ቢበደር 213 ሺህ፣ በ20 ዓመት 248 ሺህ። ለ35 ሺህ ብር ብሎ ተጨማሪ 10 ዓመት መታሰር ነው። ከዚህ ቀጥሎ የሚታየው የውሉ ቃል ነው። በተለምዶ የባንክ ውል ወለዱን ባንኩ ሊያሻሽለው ይችላል የሚል ሐረግ ይዟል፤ ብሔራዊ ባንክ ከሐምሌ 2016 ጀምሮ በ15 በመቶ የፖሊሲ ወለድ የተመራ አሠራር ከጀመረ ወዲህ ሐረጉ ጥርስ አውጥቷል። አስቀድሞ ለመክፈል ቅጣት አለው ወይ? የግመታው ክፍያ ብድሩ ቢከለከል ይመለሳል ወይ? መድኑን ከየት ነው የሚገባው? የመያዣ ምዝገባው በማን ወጪ ነው? ወለዳቸው እኩል የሆነ ሁለት ባንኮች በእነዚህ ነገሮች ሰማይና ምድር ሊሆኑ ይችላሉ። ክፍያ ሲስተጓጎል ምን ይሆናል የሚለውን ማንም በደስታ ቀኑ መጠየቅ አይወድም፤ ነገር ግን አዋጅ ቁጥር 97/1990 ባንኮች ፍርድ ቤት ሳይሄዱ በ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መያዣውን በሐራጅ እንዲሸጡ ፈቅዷል። ደሴና ኮምቦልቻ በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ሲያልፍባቸው ሱቅም ደመወዝም የቆመበትን ወራት ያየ አገር ይህን ጥያቄ ሊያፍርበት አይገባም።

ለቢስቲማ አንባቢ ከሁሉ የሚበልጠው ንጽጽር ግን በሁለት ወለዶች መካከል አይደለም፤ በወለድና ከወለድ ነፃ በሆነው መካከል ነው። ወረባቦ ውስጥ ብዙው ሰው ሙስሊም ነው፤ ወለድ ሐራም ስለሆነበት ባንክን ለማስቀመጫ እንጂ ለመበደሪያ ሳያስበው ኖሯል። ዘምዘም ባንክ በ2013 ዓ.ም. ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ ሆኖ ሥራ ሲጀምር፣ ሂጅራ ሲከተለው፣ ንግድ ባንክም በሲቢኢ ኑር መስኮቱን ሲያሰፋ በሩ ተከፈተ። ሙራበሓ በሚባለው ውል ባንኩ ቤቱን ራሱ ገዝቶ ትርፉን ጨምሮ ለደንበኛው በክፍያ ይሸጥለታል። እዚህ ላይ የዚህ ጽሑፍ ክርክር ከምክር አልፎ ግዴታ ይሆናል። በሸሪዓው ደንብ ባንኩ የሚሸጠው የራሱ የሆነውን ነው፤ ደንበኛው አስቀድሞ ከሻጩ ጋር ተዋውሎ ቀብድ ከከፈለ፣ ሽያጩ በእሱና በሻጩ መካከል አልቋልና ባንኩ የሚገዛው ነገር አይኖርም። የቀረው ገንዘብ ማበደር ነው፤ ያ ደግሞ የሸሹት ወለድ ነው። ቀብዱን ያስቀደመ ሙስሊም ገዢ ገንዘቡን ብቻ ሳይሆን ሐላል መንገዱንም ሊያጣ ይችላል ማለት ነው። በዋጋ በኩል ሲታይ ሙራበሓ አንድ ጥሩ ነገር አለው፤ ጠቅላላው ዋጋ በመጀመሪያው ቀን ይታወቃል፣ በመሃል አይጨምርም። ርካሽ ነው ማለት ግን አይደለም። ከወለዱ ባንክ ጋር የሚወዳደረው በጠቅላላ ድምሩ ነው። ቤቱ በመጀመሪያ በባንኩ ስም፣ ቀጥሎ በደንበኛው ስም የሚዛወር ከሆነ የስም ማዛወሪያው ስንት ጊዜ እንደሚከፈልና በማን ላይ እንደሚያርፍ መጠየቅ አለበት። ቀድሞ የከፈለ ደንበኛ ከትርፉ ይቀነስለታል ወይስ በባንኩ በጎ ፈቃድ ነው የሚለውም እንዲሁ።

በዚህ ክርክር ላይ የሚነሱት ተቃውሞዎች ቀላል አይደሉም። የመጀመሪያው፣ ባንኮቻችን ቅድመ ይሁንታ በጽሑፍ አይሰጡም የሚለው ነው። አብዛኛውን ጊዜ እውነት ነው፤ ቅርንጫፉ ማመልከቻ ተቀብሎ ለበላይ ይልካል እንጂ የመወሰን ሥልጣኑ ጠባብ ነው፣ የቢስቲማ ፋይል ደሴ ወይም ከዚያም በላይ መሄዱ አይቀርም። ቢሆንም የደመወዝ ማስረጃና የስድስት ወር የሒሳብ መግለጫ ይዞ የሚሄድ ሰው በቃልም ቢሆን ጣሪያውን ያውቃል፤ የሚፈለጉ ሰነዶች ዝርዝር ደግሞ በጽሑፍ ይሰጣል። ሁለተኛው ከዚህ ይጠነክራል፤ ባንኩ ቃል ቢገባስ ገንዘብ አለው ወይ? ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ገደብ ጣለ፤ ኋላም ደረጃ በደረጃ ከፍ አደረገው። ሁሉ ነገር የተሟላለት ተበዳሪ «ኮታው ሞልቷል» ተብሎ የሚመለስበት ጊዜ መጥቷል ማለት ነው። ይህ ግን አስቀድሞ አለመጠየቅን የሚደግፍ ክርክር አይደለም። ቀብድ ከመክፈል በፊት በሦስት ባንክ ዞሮ የትኛው እያበደረ፣ የትኛው በሩን እንደዘጋ ማወቅ የሚያስፈልገው በዚሁ ምክንያት ነው። ጎረቤት ኬንያ ውስጥ የቤት ብድር ከእኛ በብዙ ቀድሞ ሳለ የአገሪቱ ጠቅላላ የቤት ብድር ብዛት 30 ሺህ ገደማ ነው፤ ብድር በጠበበበት ቦታ ሁሉ ተራ አስቀድሞ መያዝ ዋጋ አለው።

ሦስተኛው የደላላው ተቃውሞ ነው፤ ሻጭ አይጠብቅም፣ ዋጋ በየሳምንቱ ይጨምራል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የብረትና የሲሚንቶ ዋጋ ያየ ሰው ይህን አያቃልለውም። ግን የሚያጣድፈው ገበያ የሚጠቅመው የተዘጋጀውን ገዢ ነው። ባንክ ሁለት ወር የሚፈጅበት ሥራ ግማሹ የተበዳሪው ፋይል ነው፤ እሱ ካለቀ ቤቱ ሲገኝ የሚቀረው ግመታና ምዝገባ ነው። አራተኛው የቢስቲማ ነው፤ እዚህ ቤት የሚሠራው ከሳዑዲ በመጣ ገንዘብ፣ በዕቁብና በዘመድ እንጂ በባንክ አይደለም ይላሉ። እውነት ነው፤ ብረቱ ወደ ሰማይ ቀጥ ብሎ፣ መስኮቱ በሸራ ተሸፍኖ ዓመታት የሚቆም ጅምር ቤት ግን ያ መንገድ ምን ያህል እንደሚያደርስ ያሳያል። ገንዘቡ የሚመጣው በላኪው ወር እንጂ በግንበኛው ወር አይደለም። ባንኮች ለዳያስፖራ የሚሰጡት የቤት ብድር ሊረዳ በተገባ ነበር፤ ሆኖም የሥራ ውልና የመኖሪያ ፈቃድ ይጠይቃል፣ ቁጠባውም በውጭ ምንዛሪ ነው። በየሰው ቤት የምትሠራ፣ በሕጋዊ መንገድ ያልሄደች የወረባቦ ልጅ ይህን አታሟላም። ይህ የባንኮቹ ጉድለት ነው፤ መልሱ ግን እሷም ሆነች ገንዘቧን የሚቀበሉት ወላጆቿ የትኛው ባንክ የላከችውን ሐዋላ እንደ ገቢ ማስረጃ እንደሚቆጥር አስቀድሞ መጠየቅ እንጂ ባንክን ከነጭራሹ መተው አይመስለኝም።

የመጨረሻው ተቃውሞ ከሁሉ ይበልጥ ያሳስበኛል፤ 248 ሺህ ብር የሚፈቀድለት መምህር ሄዶም ምን ሊጠቅመው ነው? ቤት አይገዛበትም። ሆኖም ቁጥሩን ያወቀ መምህር ቤት ማየቱን ትቶ የመኖሪያ ቤት ኅብረት ሥራ ማኅበር ለመግባት ጊዜ አለው፤ በአማራ ክልል ከተሞች ቦታ በማኅበር የሚገኝበት መንገድ የተለመደ ነው። በዚያ ቦታ ላይ ሲደርስ ያው 248 ሺህ ብር ለጣሪያ ቆርቆሮና ለበር መስኮት ይውላል። ቦታው በሊዝ ከሆነ ግን አንድ ነገር አይርሳ፤ የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 የሊዝ መብትን በመያዣነት ማስያዝ የፈቀደው በተከፈለው የሊዝ መጠን ልክ ነው። ማኅበሩ ገና የመጀመሪያውን ክፍያ ብቻ ከፍሎ ከሆነ ባንኩ ፊት የሚቆጠረው ያችው ነች።